ሁለት ጳጳሳት፣ ሁለት መጻሕፍት፦ ቤተ ክርስቲያን በሥልጣን ፊት



ሐዋርያው ጳውሎስ ለልጁ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰው ሁሉ፣ ደግሞም በሥልጣን ላይ ስላሉት እንድትጸልይ ያሳስባል (1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥1-2)። ይህን የማያውቅ አማኝ የለም ማለት ይቻላል። አብያተ ክርስቲያናታችን በየሳምንቱ ስለ አገርና ስለ መሪዎች ይጸልያሉ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል፤ ስለ ባለ ሥልጣን ስንጸልይ ምን ብለን ነው የምንጸልየው?

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ገና ሳንንበረከክ ነው። ዘመኑን ያነበብንበት መንገድ ወደ ጸሎታችን ይገባል። በቤታችንና በኅብረታችን «እግዚአብሔር ይህን ሰው ለእኛ አስነሣው» እያልን ስናወራ ከርመን ከሆነ፣ የዚያ ሰው እጅ ድሀ ሲበድል ስናይ ስለ ንስሓው መጸለይ አንደበታችን ይከብደዋል። «ይህ ሰው የሰይጣን መልእክተኛ ነው» ስንል ከርመን ከሆነም፣ ስለ መዳኑ መጸለይ ጭራሽ ትዝ አይለንም። ታሪክን ማንበብና መጸለይ እንደዚህ የተሳሰሩ ናቸው።

ይህን ለማየት ሁለት የቆዩ መጻሕፍት ጎን ለጎን እንድናስቀምጥ እንፈልጋለን። አንዱ የቂሣርያው ጳጳስ አውሳብዮስ የጻፈው «የቆስጠንጢኖስ ሕይወት» ነው። ሁለተኛው የሂጶው ጳጳስ አውግስጢኖስ የጻፈው «የእግዚአብሔር ከተማ» ነው። በመካከላቸው መቶ ዓመት አይሞላም። ሁለቱም ጸሐፊዎች ጌታን የሚወዱ፣ ቃሉን የሚያውቁ እረኞች ነበሩ። ስለ ሥልጣን የጻፉት ግን በእጅጉ ይለያያል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰይፍ ያየው ጳጳስ

አውሳብዮስን በችኮላ እንዳንፈርድበት፣ ከየት እንደ መጣ እንወቅ። በ303 ቄሣር ዲዮቅልጥያኖስ ታላቁን ስደት በአማኞች ላይ ባስነሣ ጊዜ አውሳብዮስ በዕድሜ የበሰለ ሰው ነበር። አብያተ ክርስቲያናት ሲፈርሱ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት በአደባባይ ሲቃጠሉ አይቷል። መምህሩና ወዳጁ ጳምፊሎስ ለሁለት ዓመት ያህል ታስሮ በ310 በሰማዕትነት አልፏል። አውሳብዮስ በግብፅም ሳለ በአንድ ቀን ብዙ ክርስቲያኖች ሲታረዱ በዓይኑ እንዳየ በ«የቤተ ክርስቲያን ታሪክ» መጽሐፉ ጽፏል፤ ሰይፉ ደንዝዞ፣ ገዳዮቹም ደክመው እየተፈራረቁ ይገድሉ ነበር።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። በ312 ቆስጠንጢኖስ በሮም አጠገብ ባላንጣውን ድል ነሣ፤ ድሉንም የክርስቶስ ነው አለ። በ313 ክርስቲያኖች በነጻነት እንዲያመልኩ ተፈቀደ፤ የተወረሱ ቤቶቻቸው ተመለሱ። በ325 ጳጳሳቱ በቄሣሩ ጥሪ፣ በመንግሥት መጓጓዣ ወደ ኒቅያ ሄዱ። ከተሰበሰቡት መካከል የስደቱን ጠባሳ በአካላቸው የተሸከሙ ነበሩ።

በዚያው ዓመት ቆስጠንጢኖስ የነገሠበትን ሃያኛ ዓመት ሲያከብር ጳጳሳቱን ማዕድ ጠራቸው። አውሳብዮስ ይህን ግብዣ በ«የቆስጠንጢኖስ ሕይወት» ይተርካል። የክብር ዘበኞች ሰይፋቸውን መዝዘው በቤተ መንግሥቱ ደጅ ቆመዋል፤ የእግዚአብሔር ሰዎች በመካከላቸው ያለ ፍርሃት አልፈው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ከቄሣሩ ጋር በማዕድ ይቀመጣሉ። አውሳብዮስም ይህን ያየ ሰው የክርስቶስን መንግሥት ጥላ ያየ ይመስለው ነበር ይላል፤ በእውን ሳይሆን በሕልም ያለ ያህል ነበር።

እስቲ ያንን ሰው እናስበው። በግብፅ ያየው ሰይፍ በቅዱሳን አንገት ላይ የደነዘዘ ነበር፤ አሁን የሚያየው ሰይፍ ለቅዱሳን ክብር የተመዘዘ ነው። ማን አያለቅስም? ማን «እግዚአብሔር ይመስገን» አይልም? ምስጋናው ትክክል ነበር። ችግሩ የመጣው ምስጋናው ወደ ትምህርት ሲለወጥ ነው። አውሳብዮስ እግዚአብሔር በቄሣሩ በኩል መልካም ማድረጉን ከመመስከር አልፎ፣ የቄሣሩን ማዕድ የመንግሥተ ሰማያት መልክ አደረገው። በ336 በንግሥናው ሠላሳኛ ዓመት በዓል ላይ ባቀረበው የምስጋና ንግግርም፣ በምድር ያለው የአንድ ቄሣር አገዛዝ በሰማይ ያለው የአንድ አምላክ አገዛዝ ምሳሌ መሆኑን አብራርቷል። እንዲህ ካልን በኋላ ቄሣሩን መገሠጽ ሰማይን እንደ መገሠጽ ይሆንብናል።

ያልተጻፈው ገጽ

አንድ መጽሐፍ ሲመዘን የተዘለለውም ይመዘናል። በ326 ቆስጠንጢኖስ የበኩር ልጁን ክሪስጶስን አስገደለ፤ ሚስቱ ፋውስታም በዚያው ሰሞን ሕይወቷን አጣች። ክሪስጶስ ለአውሳብዮስ እንግዳ ሰው አልነበረም። በ«የቤተ ክርስቲያን ታሪክ» መጨረሻ ላይ ከአባቱ ጋር ድል ያደረገ፣ እግዚአብሔር የወደደው ልጅ ብሎ አወድሶት ነበር። በ«የቆስጠንጢኖስ ሕይወት» ግን የክሪስጶስ ስም አንድም ቦታ የለም።

አውሳብዮስ በመጽሐፉ መግቢያ የሚጽፈው ለእግዚአብሔር የቀና ሕይወትን የሚመለከተውን ብቻ እንደሆነ ተናግሯል፤ ስለዚህ አታለለን ልንለው አንችልም። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ዳዊት እንዲህ አልጻፈም። የኦርዮን ደም አልሸፈነም፤ የአምኖንና የአቤሴሎምን ነገር አልዘለለም። ናታን ወደ ቤተ መንግሥት የገባው ለማዕድ አልነበረም። የእስራኤል ነቢያት የንጉሡን ቤት ኀጢአት የጻፉት ንጉሡን ስለ ጠሉ ሳይሆን፣ ንጉሡም ከእግዚአብሔር ፍርድ በታች ያለ ሰው መሆኑን ስላመኑ ነው።

ቆስጠንጢኖስ በ337 ተጠምቆ ሞተ። አውሳብዮስ በልጆቹ በኩል አሁንም እንደሚነግሥ አድርጎ መጽሐፉን ጻፈ፤ ጨርሶ ሳያስተካክለውም እሱ ራሱ በ339 ገደማ አረፈ። በእነዚያው ጊዜያት ግን ወታደሮች የቆስጠንጢኖስን ወንድሞችና የወንድሞቹን ልጆች ጨፈጨፉ። በ340 ከልጆቹ አንዱ ወንድሙን ሊወጋ ዘምቶ በጦርነቱ ሞተ። የመንግሥተ ሰማያት ጥላ የተባለው ቤት እርስ በርሱ ተባላ።

ደብዳቤው አክሱም ሲደርስ

ከዚህ ቤት የቀረው ልጅ ቆስጠንጥዮስ ነው። የእሱ ታሪክ ወደ አገራችንም ይደርሳል። ቆስጠንጥዮስ ክርስቲያን ቄሣር ነበር፤ ነገር ግን የኒቅያን እምነት አጥብቀው ከያዙት ጋር ተጣላ። በ356 ወታደሮቹ እስክንድርያ ውስጥ ምእመናን ሌሊት በጸሎት ላይ ሳሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሰብረው ገቡ፤ ጳጳሱ አትናቴዎስ አምልጦ ወደ በረሃ ሸሸ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። አትናቴዎስ ቀደም ሲል ፍሬምናጦስን፣ እኛ አባ ሰላማ የምንለውን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም ልኮት ነበር። ቄሣሩ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩት፣ በዚያ በተሾመው በአዲሱ ጳጳስ ይመርመር የሚል ነበር። አትናቴዎስ ይህን ደብዳቤ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ስላስገባው እስከ ዛሬ ይነበባል።

አስቡት። አረማዊው ዲዮቅልጥያኖስ የወንጌልን አገልጋይ ከአክሱም ሊያስመጣ አልሞከረም። የሞከረው የቆስጠንጢኖስ ልጅ ነው። ዙፋን ለቤተ ክርስቲያን ቤት ሲሠራ፣ የቤቱንም ቁልፍ መያዝ ይፈልጋል። ማዕዱ ላይ የተቀመጡት ጳጳሳት ይህን ሒሳብ አላዩትም ነበር፤ ልጆቻቸው ከፈሉት።

ሮም የተዘረፈችበት ጊዜ

አሁን ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ እንምጣ። ነሐሴ 410 ላይ በአላሪክ የሚመሩ ጎቶች ሮም ገብተው ሦስት ቀን ዘረፏት። ስምንት መቶ ዓመት ያህል የውጭ ጠላት ያልገባባት ከተማ ነበረች። ስደተኞቹ ባሕር ተሻግረው ወደ ሰሜን አፍሪካ ጎረፉ። ከእነሱም ጋር ክስ መጣ፤ «የጥንቱን አማልክት ትተን ክርስቶስን ስንከተል ይህ ደረሰብን» የሚል።

እዚህ ላይ የአውሳብዮስ ትምህርት ወጥመድ ይሆናል። የቄሣሩ ድል የክርስቶስ እውነተኛነት ማስረጃ ከሆነ፣ የቄሣሩ ከተማ መውደቅስ የምን ማስረጃ ነው? በዙፋን መነሣት ያስመሰከረ ወንጌል በዙፋን መውደቅ ይከሰሳል።

አውግስጢኖስ በ413 መጻፍ ጀመረ፤ ሃያ ሁለቱን ክፍሎች የፈጸመው በ426 ገደማ ነው። መጀመሪያ ላይ መጽሐፉን የጻፈለት ማርሴሊኖስ የሚባል አማኝ የመንግሥት ሹም ነበር፤ ጥያቄዎቹ እንዲመለሱ የወተወተውም እሱ ነው። ሥራው በተጀመረበት በ413 ግን ማርሴሊኖስ በዓመፅ ተጠርጥሮ ካርታጎ ላይ አንገቱ ተቀላ። የገደለው አረማዊ መንግሥት አልነበረም። ክርስቲያን ቄሣር በነገሠበት ዘመን፣ በክርስቲያን ሹም ትእዛዝ ነው የሞተው። አውግስጢኖስ ሊያስምረው ደክሞ አልተሳካለትም። «የእግዚአብሔር ከተማ» ከቤተ መንግሥት ማዕድ አጠገብ የተጻፈ መጽሐፍ አይደለም፤ ወዳጅ ካጣ እረኛ እጅ የወጣ ነው።

መጽሐፉ ምን ይላል? ለርእሳችን የሚሆኑ ሦስት ነገሮችን እንጥቀስ።

አንደኛ፣ በአራተኛው ክፍል አውግስጢኖስ ፍትሕ የሌለበት መንግሥት ከትልቅ የወንበዴ ቡድን በምን ይለያል ብሎ ይጠይቃል። ለታላቁ እስክንድር አንድ የተማረከ የባሕር ወንበዴ ሰጠው የተባለውን መልስ ይተርካል፤ ልዩነታችን የመርከባችን ብዛት ነው የሚል ትርጉም ያለው መልስ ነው። ሥልጣን የሚመዘነው በስፋቱ ወይም ለቤተ ክርስቲያን በሰጠው መሬት አይደለም፤ በፍትሑ ነው።

ሁለተኛ፣ በአምስተኛው ክፍል ስለ ቆስጠንጢኖስ በቀጥታ ይናገራል። እግዚአብሔር ለቆስጠንጢኖስ ረጅም ዘመንና ድል ሰጠው፤ ነገር ግን ክርስቲያኑን ዮቪያኖስን በጥቂት ወራት ወሰደው፤ ክርስቲያኑ ግራትያኖስም በአመፀኛ ሰይፍ ወደቀ። ለምን? ማንም ሰው የቆስጠንጢኖስን ዕድል ለማግኘት ብሎ ክርስቲያን እንዳይሆን ነው ይላል አውግስጢኖስ። ይህ አሳብ የአውሳብዮስን መጽሐፍ ከሥሩ ይነቅለዋል። አማኝ መሪ ሲሾም እግዚአብሔር አሸነፈ፣ ሲወርድ እግዚአብሔር ተሸነፈ የሚባል ነገር የለም።

ሦስተኛ፣ እዚያው ክፍል ላይ ቄሣር ቴዎዶስዮስን ያመሰግናል። ምስጋናው ግን ትኩረቱ ሌላ ነው። በ390 የቴዎዶስዮስ ወታደሮች በቁጣው ምክንያት በተሰሎንቄ ሕዝብ ፈጁ። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስም ንስሓ ሳይገባ ቅዱስ ቍርባን እንደማይሰጠው አስታወቀው። ቄሣሩ በጉባኤ ፊት ተዋርዶ ንስሓ ገባ። ለአውግስጢኖስ የቴዎዶስዮስ ትልቁ ክብር ይህ ነው። አውሳብዮስ ጳጳሳቱ ወደ ቄሣሩ ማዕድ ሲገቡ ተደነቀ፤ አውግስጢኖስ ቄሣሩ ከጌታ ማዕድ ተከልክሎ በእንባ ሲመለስ ተደነቀ።

እሱም ቢሆን

ይሁን እንጂ አውግስጢኖስን እንደ ነቢይ አንስቀለው። በሰሜን አፍሪካ ከቤተ ክርስቲያን የተለዩ ዶናቲስቶች የሚባሉ ክርስቲያኖች ነበሩ። መጀመሪያ ላይ አውግስጢኖስ በቃልና በክርክር ብቻ እንዲመለሱ ይፈልግ ነበር። በ405 ቄሣሩ በእነሱ ላይ ሕግ ካወጣና ብዙዎች ከተመለሱ በኋላ ግን አሳቡን ለወጠ። በሉቃስ 14 ባለው የታላቁ ግብዣ ምሳሌ ውስጥ ያለውን «ግድ በላቸው» የሚለውን ትእዛዝ ለመንግሥት ጫና መከራከሪያ አደረገው። ያ ክርክር በኋለኞቹ ዘመናት በብዙ አሳዳጆች እጅ ገብቷል፤ የወንጌል አማኞችም ቀምሰውታል። ስለ ሥልጣን ታላቁን መጽሐፍ የጻፈ ሰው እንኳ ሥልጣን ለእሱ ወገን ሲሠራ ዓይኑ ፈዝዟል። ፈተናው ለአዋቂም የማይራራ ነው።

እኛስ?

የአገራችን የወንጌል አማኞች ታሪክ ከአውሳብዮስ ታሪክ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለው። «ጴንጤ» የሚለው ስም ስድብ በነበረበት ጊዜ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ከቤት ያባረሩበት፣ ወጣቶች በእስር ቤት የዘመሩበት ጊዜ ነበር። በደርግ ዘመን የጸሎት ቤቶች ታሸጉ፤ ቅዱሳን በየቤቱ በሹክሹክታ ጸለዩ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ታፍነው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ዛሬ ስታዲየም ሞልተን እናመልካለን። የወንጌል አማኞች በምክር ቤት፣ በሚኒስቴር፣ ከዚያም በላይ ባሉ ወንበሮች ተቀምጠው እናያለን። ለዚህ ነጻነት ማመስገን ይገባናል፤ የማያመሰግን ያልታሰረ ወይም የረሳ ነው። ጥያቄው ምስጋናችን ምን ዓይነት መጽሐፍ እየጻፈ ነው የሚለው ነው። በስብከታችን፣ በትንቢታችን፣ በመዝሙራችን እየጻፍን ያለነው የማንን ሕይወት ነው? ስም የምንዘልለው ክሪስጶስ አለን? በጦርነት የሞተ፣ ከቀዬው የተፈናቀለ፣ ያለ ፍርድ የታሰረ ወገን፣ «የእኛ» ሰው ሥልጣን ላይ ስላለ ከጸሎት ርእሳችን ወጥቷል?

ይህ ፈተና አንድን ወገን ብቻ አይመለከትም። መሪውን በመጥላት ታሪክን የሚያነብም እንዲሁ ይሳሳታል። እሱም ዙፋኑን ከሚገባው በላይ አግዝፎታል፤ ተስፋውን በመሪው መውደቅ ላይ ጥሏልና። በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችንም በምትኖሩበት አገር ምርጫ በመጣ ቁጥር ይህን ታውቁታላችሁ። መዝሙር 146 በሰው ልጅ እንዳንታመን ሲያስጠነቅቅ፣ የምንወደውንና የምንጠላውን አልለየም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሦስት ልምምዶችን እንጠቁም።

በመጀመሪያ፣ ስለ መሪዎች ስንጸልይ በዚያው ጸሎት እነሱ የሚፈርዱባቸውንም እንጥራ። ስለ ሹሙ ከጸለይን ስለ እስረኛው፤ ስለ አዛዡ ከጸለይን ልጇን ስላጣች እናት። ሁለቱን አብሮ የያዘ ጸሎት ውዳሴ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም።

ሁለተኛ፣ ትንቢትን እንመርምር። ሁልጊዜ ለባለ ሥልጣን ድልና ዕድሜ ብቻ የሚናገር ቃል ሲመጣ፣ በ1ኛ ነገሥት 22 በአክዓብ ፊት የቆሙትን አራት መቶ ሰዎች እናስታውስ። ብቻውን የቆመው ሚክያስ ነበር፤ እውነቱም ከእሱ ጋር ነበር።

ሦስተኛ፣ በመንግሥት ሥራ ያሉ አማኞችን እንደ ነፍስ እንጠብቃቸው። የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አስፈጻሚ አናድርጋቸው። መሬት እንዲያስፈቅዱልን ከመጠየቃችን በፊት የጽሞና ጊዜያቸው እንዴት እንደሆነ እንጠይቃቸው። ኀጢአታቸውን የሚናዘዙበት፣ ያለ ፍርሃት የሚገሠጹበት ኅብረት ያስፈልጋቸዋል። ቴዎዶስዮስን የጠቀመው አምብሮስዮስ ነው።

በግድግዳ ላይ የተለጠፉ መዝሙራት

የአውግስጢኖስን የመጨረሻ ቀናት ደቀ መዝሙሩ ፖሲድዮስ ጽፎልናል። በ430 ቫንዳሎች ሂጶን ከበቡ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ከየከተማው የሸሹ ጳጳሳት ሂጶ ተጠግተዋል። በከበባው በሦስተኛው ወር ሽማግሌው በትኩሳት ተያዘ። የዳዊትን የንስሓ መዝሙራት አስጽፎ ከአልጋው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፉለት አደረገ። ተኝቶ ያነብባቸው ነበር፤ ያለማቋረጥም ያለቅስ ነበር። ከመሞቱ አሥር ቀን ገደማ በፊት፣ ሐኪም ወይም ምግብ ካልገባ በስተቀር ማንም እንዳይገባበት ለመነ፤ ያን ጊዜ ሁሉ በጸሎት አሳለፈው። በነሐሴ ወር አረፈ። የሚናዘዘው ንብረት ስላልነበረው ኑዛዜ አልተወም፤ የቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት ግን እንዲጠበቁ አሳስቦ ነበር።

ከቅጥሩ ውጭ አንድ መንግሥት እየወደቀ ሌላው እየተነሣ ነበር። ሮምን ያኖረ ወይም የጣለ ሳይሆን ሮምም ቫንዳልም የማይነካትን ከተማ የሚጠባበቅ ሰው፣ ስለ ራሱ ኀጢአት እያለቀሰ ወደ ጌታው ሄደ። ኤርምያስ በ29፥7 ለምርኮኞች የጻፈላቸው ነገር ለእኛም ይሠራል፤ የተቀመጥንባትን ከተማ ሰላም እንፈልግ፣ ስለ እርስዋም እንጸልይ፤ ግን አገራችን ሌላ እንደሆነች ሳንረሳ።

በዚህ ሳምንት መዝሙር 51ን በእጃችሁ ጻፉትና በምታዩት ቦታ ለጥፉት። ንጉሥ የጻፈው የንስሓ ጸሎት ነው። መጀመሪያ ስለ ራሳችሁ፣ ቀጥሎ በሥልጣን ላይ ስላሉት ጸልዩበት።

ጌታ ሆይ፣ ስለ ሰጠኸን ነጻነት እናመሰግንሃለን። በላያችን ያሉትን ሹማምንት በፍትሕና በርኅራኄ እንዲያስተዳድሩ እርዳቸው፤ ባጠፉበትም ወደ አንተ መልሳቸው። ያለቀሱትን አጽናና። ቤተ ክርስቲያንህን ከውዳሴ ከንቱና ከጥላቻ ጠብቃት። መንግሥትህ ትምጣ። አሜን።